ተሳስቼ የዳንኩበት ሰኞ

ሰው በማወቁ ሲድን ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። እኔ የምነግራችሁ ባለማወቄ ስለዳንኩበት ቀን ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ ሳወራላቸው ይስቃሉ፤ እኔም እስከ መካከሉ አብሬያቸው እስቃለሁ። ወደ ጫፉ ስደርስ ግን ድምፄ አልታዘዝ ይለኛል። እናንተም ከጫፉ እስክንደርስ ታገሡኝ።

ያኔ አገና አጠገብ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። የነበረኝ ሰርተፊኬት ነው። መንግሥት ደግሞ ሰርተፊኬት ከእንግዲህ አይበቃም፣ መምህር ሁሉ ዲፕሎማ ይያዝ ብሎ ክረምት በመጣ ቁጥር እኛን ኮሌጅ ማስገባት ጀምሯል። ልጆቻችን ሲያርፉ እኛ ተማሪ እንሆናለን ማለት ነው። ወልቂጤ ላይ በተከፈተው የክረምት ማዕከል ተመደብኩ። ጡት ያስጣልኳትን ልጄን እናቴ ዘንድ ትቼ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በዝናብና በጭቃ እመላለስ ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ነጥቤ ዝቅ አለና ዋርኒንግ ተሰጠኝ። ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ፦ አንድ ኤፍ ብጨምር ከኮሌጁ እሰናበታለሁ ማለት ነው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ዲፕሎማ ያልያዘ መምህር ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ነግሮናል። እንግዲህ በሁለተኛው ክረምት ስገባ እንጀራዬ በአንድ ፊደል ላይ ተንጠልጥሏል። የፊደሉ ባለቤት ደግሞ መሠረታዊ አልጀብራ የሚባለው ኮርስ ነው።

አስተማሪው መምህር ይበልጣል ይባላል። ከጎጃም የመጣ፣ ቀጭን፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም ያልቆየ ልጅ ነው። ከተማሪዎቹ ግማሾቻችን በዕድሜ እንበልጠዋለን፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል የመጀመሪያ ቀን ፊቱን አጨፍግጎ የገባው። የኮርሱን አውትላይን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። አሳይመንት ይኼን ያህል፣ ሚድ ይኼን ያህል፣ ፋይናል ይኼን ያህል አለና ዞረ።

«ስኬል የለም» አለ። «ሌላው ዝቅ ስላለ ከፍ የሚል ሰው በእኔ ክፍል አይኖርም። የሠራችሁትን ታገኛላችሁ። አርፍዶ የመጣ አይገባም። የኮረጀም ያስኮረጀም ኤፍ ነው፤ ኤፉን የምጽፈው በሚድ ይሁን በፋይናል ለእኔ ልዩነት የለውም።»

ከጎኔ የተቀመጠችው ዘይነባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ቡታጅራ የምታስተምር፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ቅቤ የሆነች ሴት ናት። «ወላሂ ትዕግሥት፣ የመጣነው ለአልጀብራ ነው ወይስ ለብሔራዊ ውትድርና?» አለችኝ። ሳቄን ለመዋጥ ደብተሬ ላይ ተደፋሁ።

ዘመኑ የአንድ ለአምስት ዘመን ነበር። ገበሬው አንድ ለአምስት፣ መሥሪያ ቤቱ አንድ ለአምስት፣ ተማሪውም አንድ ለአምስት። አንድ ጎበዝ አምስቱን ይመራል፣ አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ይለወጣሉ ነው ነገሩ። የእኛ ቡድን እኔ፣ ዘይነባ፣ እንሴኖ የሚያስተምሩ ሦስት ወንዶችና ጋሽ ደነቀ ነበርን። መመሪያው ጎበዙ ይምራ ይላል። እኛ ግን ጎበዝ አልፈለግንም። ጋሽ ደነቀን የሚያህል ትልቅ ሰው ተቀምጦ ማን ደፍሮ እኔ ልምራ ይላል? በአንድ አፍ እሳቸውን መረጥን።

ጋሽ ደነቀ የእምድብር ሰው ናቸው። ጡረታቸው የቀረበ፣ ኮታቸውን በጠራራ ፀሐይም ቢሆን የማያወልቁ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ መምህር። እሳቸውም እንደ እኛ ሰርተፊኬት ብቻ ቢሆኑም በአካባቢው የሂሳብ መምህር ስላልነበረ ሰባተኛ ክፍልን ለብዙ ዓመት ሲሸፍኑ ኖረዋል። ለእኛ ይህ ከበቂ በላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል እንፈልግና እሳቸው ጠመኔ ይዘው ይቆማሉ፣ እኛ አምስታችን እንደ ሕፃን እንቀመጣለን።

አቤት ሲያስተምሩ። አልጀብራ የሚባለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ከእሳቸው አፍ ነው። እኩል ይሆናል ከሚለው ምልክት አጠገብ ከላይ ወደ ታች አጭር ጭረት ያሰምሩና «ይኼ ኬላ ነው» ይላሉ። «ቁጥር ከወዲህ ወደዚያ ሲሻገር ኬላው ላይ ይፈተሻል። ፕላስ ይዞ የመጣ ማይነስ ሆኖ ያልፋል፣ ማይነስ ይዞ የመጣ ፕላስ ሆኖ ያልፋል። ሳይፈተሽ የሚያልፍ የለም።» ኤክስ ሲደመር አምስት ዘጠኝ ከሆነ፣ አምስቷ ተሻግራ ትቀነሳለች፤ ኤክስ አራት። ተገላገልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስታችንም ኬላ ሳናሰምር አንድም ጥያቄ አንሠራም።

የሚድ ፈተና ዕለት መምህር ይበልጣል ስብሰባ ተጠርቶ ኖሮ ሌላ ፈታኝ ነው የጠበቀን። ስወጣ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሁሉንም ሠርቻለሁ። ዘይነባም «እኔማ ቁጥሩን ሁሉ በየኬላው አራገፍኩት» እያለች ትፎክራለች። በዚያ ሳምንት እናቴ ጋ ደውዬ «ዘንድሮ እግዚአብሔር ረድቶኛል» አልኳት። እናቴ የጸሎት ሰው ናት፤ ስልኩ ላይ እንዳለች ጸሎት ጀመረች።

ዓርብ ዕለት ክፍል ሲያበቃ መምህር ይበልጣል «የአቶ ደነቀ አንድ ለአምስት ይቆይልኝ፤ ሌሎቻችሁ ሂዱ» አለ። እኔ ሞኟ ሊያመሰግነን ነው ብዬ አሰብኩ። በሩ ሲዘጋ ከቦርሳው ስድስት ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደረ። ከተቀመጥንበት ቀይ እስክሪብቶ ይታየናል፣ ምን እንደሚል ግን አይነበብም።

«እነዚህ ስድስት ወረቀቶች አንድ ወረቀት ናቸው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ከመልሱ እስከ ጭረቱ። ይቺን የምታሰምሯትን ጭረት በየትኛውም መጽሐፍ አላየኋትም፤ ስድስታችሁም አስምራችኋታል። በአጋጣሚ ነው እንዳትሉኝ።»

ጋሽ ደነቀ ሊናገሩ ብድግ አሉ። «መምህር፣ እኛ እኮ አብረን ስለምናጠና…»

«አብሮ ማጥናት ሌላ፣ አብሮ መፈተን ሌላ ነው አቶ ደነቀ። ይቀመጡ እባክዎ።» ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞረ። «ሰኞ ጧት ቢሮዬ እጠብቃችኋለሁ። ከማን እንደተቀዳ ከነገራችሁኝ ያስኮረጀው ኤፍ ይወስዳል፣ የሌሎቻችሁ ሚድ ይሰረዝና በፋይናሉ ትሞክራላችሁ። ካልነገራችሁኝ ስድስታችሁም ኤፍ ናችሁ። በመጀመሪያው ቀን ነግሬያችኋለሁ።»

ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። እኛ ተቀምጠን ቀረን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አልኮረጅንም፤ ግን እንዴት ብለን እናስረዳ? መልሳችን አንድ የሆነው ትክክል ስለሆነ ነው፣ ጭረቷም አንድ የሆነችው ከአንድ ሰው ስለተማርናት ነው። እሱ ደግሞ ይኼን ሊሰማን አልፈለገም። ልጄ ታወሰችኝ። ከኮሌጁ ተሰናብቼ፣ ዕቃዬን ጭኜ፣ አገና መናኸሪያ ላይ ስወርድ ታየኝ።

ቅዳሜ ዘይነባ የተከራየችበት ግቢ ተሰበሰብን። ሻይና ዳቦ ቀርቦ ማንም አልነካውም። ከእንሴኖዎቹ አንዱ ለዲኑ እንክሰስ አለ። ሌላው ዲኑ ከመምህሩ ወገን ነው የሚቆመው ብሎ ተከራከረው። ሦስተኛው ዕጣ እንጣል ሲል ዘይነባ ተቆጣች። «ባልሠራነው ወንጀል ዕጣ? ምን ነክቶሃል?»

ጋሽ ደነቀ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ተዉት፤ እኔ እለዋለሁ» አሉ። «ከእኔ ነው የቀዱት እለዋለሁ።»

 እሳቸው ቀጠሉ። «የእኔ ጀምበር እኮ ዘቅዝቃለች። ዲፕሎማው ቢመጣ ባይመጣ ጥቂት ቆይቼ ጡረታዬን እወጣለሁ። እናንተ ገና ናችሁ። ይቺ ደግሞ» አሉ ወደ እኔ እያዩ፣ «ዋርኒንግ ላይ ናት፤ ልጅ አላት።»

«ጋሼ፣ ያልሠሩትን ሠራሁ ብለው? በስተእርጅና አስኮራጅ ተብለው?» አለች ዘይነባ።

«እውነት እኮ ከእኔ ነው የተማራችሁት። ውሸቱ ትንሽ ነች። ትንሽ ውሸት ደግሞ ትልቅ ሰው ቢሸከማት ይሻላል» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። አልሆነላቸውም።

አንባቢዎቼ፣ አልዋሻችሁም፤ በመጀመሪያ የተሰማኝ ዕረፍት ነው። ተርፌያለሁ። እሑድ ግን ቸርች ቆሜ መዝሙሩ አልወጣ አለኝ። ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ይዘምራሉ፣ እኔ የማየው ኮታቸውን ለብሰው ስማቸውን ሊያጠፉ የሚሄዱትን ሽማግሌ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው መምህርነት በእኔ ፈንታ በአንድ ፊደል ሊዘጋ ነው። ስወጣ አንድ ነገር ወሰንኩ። መምህሩ አዲስ ጥያቄ ይስጠኝና ፊቱ ልሥራው። በትክክል ከሠራሁት አለመኮረጄን ያውቃል፤ እኔ ካልኮረጅኩ ደግሞ እሳቸው አላስኮረጁም። ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ ደነቀ ቢሰሙ እንደማይፈቅዱልኝ አውቃለሁ።

ሰኞ ጧት ስድስታችንም ቢሮው በር ላይ ተገኘን። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ ሰሌዳ። መምህር ይበልጣል ሲያየን ተነሣና «ግቡ» አለ። እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

ጋሽ ደነቀ ቆባቸውን አውልቀው ከፊት ቆሙ። «መምህር፣ ነገሩን አናስረዝመው። እነዚህ ልጆች የቀዱት ከእኔ ነው። ያስኮረጅኳቸው እኔ ነኝ።»

መምህሩ ወደ እሳቸው ዞረ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ቁጭ ብሎ አንድ ወረቀት ወደ ራሱ ሳበና እስክሪብቶውን አነሣ። የአባታቸውን ስም ጠየቃቸው። ነገሩት። መጻፍ ጀመረ። እኔ እግሬ ከሰውነቴ ቀድሞ ወደ ፊት ሲራመድ ይሰማኛል።

«መምህር» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋሼ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ። እሳቸው ያሉት እውነት አይደለም።»

ጋሽ ደነቀ ሳይዞሩ «ትዕግሥት፣ ዝም በይ ልጄ» አሉኝ።

«ዝም አልልም ጋሼ።» በሕይወቴ ለትልቅ ሰው እንዲህ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «መምህር፣ ማንም ያላየውን ጥያቄ ይስጡኝ። እዚሁ፣ ፊትዎ ልሥራው። ካልቻልኩ ኤፉን ለእኔ ይጻፉት።»

ዘይነባ ከኋላ ቀሚሴን ያዘችኝ። መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ አራት ሲቀነስ ሦስት ኤክስ፣ እኩል ይሆናል አሥራ ዘጠኝ። ጠመኔውን ሰጠኝ።

ጥያቄውን ሳየው ደስ አለኝ፤ የምችለው ነው። ኬላዬን አሰመርኩ። አራቷን አሻገርኳት፤ ፕላስ ነበረች፣ ማይነስ ሆነች። ከአሥራ ዘጠኝ አራት ሲነሣ አሥራ አምስት። አሁን ወዲህ የቀረው ማይነስ ሦስት ኤክስ ነው። ማይነስ ሦስትንም አሻገርኩ፤ ኬላው ላይ ተፈትሻ ፕላስ ሦስት ሆነች፣ ማባዛት የነበረችው ማካፈል ሆነች። አሥራ አምስት ለሦስት። ኤክስ እኩል ይሆናል አምስት። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበትና ጠመኔውን መለስኩ። ኩራቴን ብታዩት።

መምህር ይበልጣል ሰሌዳውን ያያል፣ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ የእኔን የፈተና ወረቀት ያወጣል፣ ተመልሶ ሰሌዳውን ያያል። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት፤ ቁጣው የለቀቀውን ቦታ ምን እንደያዘው ግን አልገባኝም።

«ተሳስተሻል» አለኝ።

«ምኑን?»

«መልሱ ማይነስ አምስት ነው። ሚዱም ላይ እንዲሁ ነው ያደረግሽው። ኤክስ ላይ ማይነስ ባለበት ጥያቄ ሁሉ ስድስታችሁም የተሳሳታችሁት እንዲህ ነው።»

 ካልቻልኩ ኤፉን ለእኔ ይጻፉት ያልኩት እኔው ነኝ። እሱ ግን ወደ ጠረጴዛው አልሄደም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን አሸት አሸት አደረገ።

«ሰው ሲኮርጅ የሌላውን ስሕተት ይቀዳል፤ እሱን አይቻለሁ» አለ። «አንቺ ግን ከማንም ሳትቀጂ፣ ፊቴ ቆመሽ፣ በሙሉ ልብሽ ያንኑ ስሕተት ሠራሽው። ትክክል ብትሠሪው ኖሮ፣ ይቺ የምታውቀውን ትታ የሰው ስሕተት ነው የቀዳችው ብዬ ወረቀቱን ጨርሼ እፈርም ነበር። አልኮረጃችሁም። የተማራችሁት ነው።» ከዚያ ቀና አለ። «ማነው እንዲህ ብሎ ያስተማራችሁ?»

  የጋሽ ደነቀን ስም በዚያ ሰዓት ከመጥራት ለአምስታችንም ኤፉን መዋጥ ይቀለን ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ደነቀ። በዚህኛው ላይ ትንሿም ውሸት አልነበረችበትም። «ግን መምህር፣ ስሕተቱ አልታየኝም። እስቲ ያሳዩኝ።»

መምህር ይበልጣል ከወንበሩ ተነሣ። ጠመኔውን ለእሳቸው ሰጣቸው። «ጋሼ፣ ያገኘችውን አምስት ኤክስ የነበረበት ቦታ ላይ ይመልሱት» አለ። እስከዚያ ቀን አቶ ደነቀ ነበር የሚላቸው።

ጋሽ ደነቀ ሠሩ። ሦስት ጊዜ አምስት፣ አሥራ አምስት። አራት ሲቀነስ አሥራ አምስት። እጃቸው እዚያ ላይ ቆመ። ማይነስ አሥራ አንድ ጻፉ። ከጎኑ ያለውን አሥራ ዘጠኝ አዩት። ደግመው በአእምሯቸው አሰሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ከዚያ አምስትን አጠፉና ማይነስ አምስት አስገቡ። አሥራ ዘጠኝ መጣ።

ጠመኔውን አስቀመጡት። መምህሩ የራሱን ወንበር ከኋላቸው አስጠጋላቸውና ተቀመጡ።

«ሰባተኛ ክፍልን ስንት ዓመት አስተማርኩ» አሉ ለራሳቸው። «ስንቱን ልጅ እንዲህ ብዬ ላክሁ።»

ዘይነባ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። መምህር ይበልጣል ግን ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያቺን ጭረት እያየ ነበር። ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ እሷን ትቷት ነበር።

«ጋሼ፣ ኬላው ጥሩ ነው» አለ። «እኔ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ እንዲህ አድርጎ ያስተማረኝ የለም። የጎደለው አንድ ደንብ ነው። ብቻውን በመደመርና በመቀነስ የሚመጣው መንገደኛ ምልክቱን ይቀይራል፤ እሱ ልክ ነው። ኤክስ ላይ ተለጥፎ በማባዛት የሚኖረው ግን ሲሻገር የሚቀየረው ሥራው ብቻ ነው። ያባዛ የነበረው ያካፍላል። መታወቂያውን አንነጥቀውም፤ ማይነስ ከሆነ ማይነስ እንደሆነ ያልፋል።»

ጋሽ ደነቀ ቀና ብለው አዩት። «መታወቂያውን እንደያዘ» አሉ።

«እንደያዘ።»

«እንዲህ ከሆነ ልጅም ይገባዋል» አሉ። ዐይናቸው እርጥብ ነው፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን መምህሩ ተመልሶ መጥቶ ነበር።

ከዚያ ፍርዱን ሰጠን። ጨከነ እንዳልል ኤፉን ተወልን፤ ራራ እንዳልል ማርክ አልጨመረልንም። ኤፍ የለም፣ ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ሚድ ላይ ያገኛችሁት ግን እንዳለ ይቆያል፣ የተሳሳተ የተሳሳተ ነው አለ። ቀጥሎ ወደ ጋሽ ደነቀ ዞረ። «እርስዎ ግን ዋሽተውኛል።»

«ዋሽቻለሁ» አሉ ጋሽ ደነቀ።

«ቅጣት አለብዎ። እስከ ፋይናል ድረስ ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉን ሁሉ ኬላ ያስተምሩልኛል። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

እውነትም አስተማሩ። በመጀመሪያው ቀን የመጣው የእኛ ቡድን ብቻ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ከሌላ ሴክሽን ሳይቀር መስኮት ላይ ቆመው የሚሰሙ በዙ። መምህር ይበልጣል መጨረሻ ወንበር ላይ ዳቦውን እየበላ ያዳምጣል፤ አንድ ነገር ሲያልፋቸው እጁን ያወጣና «ጋሼ፣ ጥያቄ አለኝ» ይላል። ሁለቱም አንቱ ይባባላሉ። ዘይነባ «አንቱታውን ለሁለት ተካፈሉት» እያለች ትስቅባቸዋለች።

ፋይናል ላይ እያንዳንዷን መልስ ኤክስ ወደነበረበት እየመለስኩ አረጋገጥኩ። ሰዓቱ አልቆ ፈታኙ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ነው የወሰደው። ውጤት ሲለጠፍ ሲ አገኘሁ። ያቺ ሲ ዛሬም ከያዝኳቸው ወረቀቶች ሁሉ ትበልጥብኛለች። ዋርኒንጌ ተነሣልኝ፣ ዲፕሎማዬን ያዝኩ፣ ከዚያም ዲግሪዬን፤ ልጄንም በደሞዜ አሳደግሁ። ለዚህ ሁሉ እግዚአብሔርን ሳመሰግን ሁለቱን ሰዎች በስማቸው እየጠራሁ ነው።

እናንተ ወላጆችና መምህራን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጅ የተሳሳተ መልስ ይዞ ሲመጣ ከመቆጣታችሁ በፊት «እስቲ እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ» በሉት። ብዙ ጊዜ ስሕተቱን ያመጣው ስንፍና አይደለም፤ የሚወደው ሰው አምኖ ያስተማረው ሊሆን ይችላል። እኔ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ ሳነሣ መጀመሪያ የምፈልገው ልጁ የሄደበትን መንገድ ነው። ይህን ያወረሰኝ ያ ፊቱን አጨፍግጎ የገባው የጎጃም ልጅ ነው።

ከጋሽ ደነቀ የወረስኩትን ግን ያየሁት ከዚያ ክረምት በኋላ በመጣው መስቀል ነው።

እንደምታውቁት በመስቀል ጉራጌ ከያለበት አገሩ ይገባል። ጋሽ ደነቀ ይኼንን ጠብቀው ኖሯል። ያስተማሯቸው ልጆች ከአዲስ አበባ ሲገቡ ወሬው ይድረሳቸው ብለው በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አስነግረዋል፦ ከደነቀ ዘንድ ሰባተኛ ክፍል ሂሳብ የተማረ ሁሉ በበዓሉ ማግስት ጧት ትምህርት ቤቱ ይምጣ። እኔንና ዘይነባን ክትፎ ብሉ ብለው ጠርተውን ነበር። መምህር ይበልጣልም አገሩ ሩቅ ስለሆነ በዓሉን እሳቸው ቤት ነበር።

እምድብር ከሚኒባስ ወርደን ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ክፍሉ ሞልቷል። ሕፃን ያዘለች እናት፣ ፖሊስ፣ ነርስ፣ ቦርጫም የመርካቶ ነጋዴ፣ ሁሉም ጉልበታቸውን አጥፈው የልጅ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ደነቀ ሲገቡ አንድ ላይ ብድግ አሉ።

«ተቀመጡ» አሉ። «ሳላውቅ የሰጠኋችሁ የተሳሳተ ነገር አለ። እሱን ልወስድና ትክክለኛውን ልሰጣችሁ ነው የጠራኋችሁ።»

ቦርጫሙ ነጋዴ «ጋሼ፣ እኛ እኮ አሁን በካልኩሌተር ነው የምንሠራው» አለና ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፣ ግን ዞረው ኬላውን አሰመሩ። አንድ በአንድ አስረዱ። ማንም ስልኩን አልነካም። ማይነሱን የሚያሻግሩበት ቦታ ሲደርሱ እጃቸው ሰሌዳው ላይ ቆመና ወደ ኋላ ዞረው አዩ። መምህር ይበልጣል ከመጨረሻው ዴስክ ራሱን ነቀነቀላቸው። ማይነስ ጻፉ። ያቺ ሕፃን ያዘለች እናት ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ገለበጠችው፤ ታላቅ ልጇ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል መግባቷ ነው አለች።

ሲያበቃ ሰው ሁሉ እየወጣ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ እሳቸው ትከሻውን ይዘው ቀና ያደርጉታል። ያ ነጋዴ ከበሩ ላይ ወሬውን ከዘይነባ ሰምቶ ኖሮ ወደ መምህር ይበልጣል ቀረበ።

«አንተ ነህ ኤፍ ልትጽፍባቸው የነበርከው?» አለው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ነጋዴው በመስኮት ጋሽ ደነቀን አያቸው፤ ሰሌዳውን እያጠፉ ነበር።

«እንኳንም አልጻፍክ» አለው።

«እንኳንም አልጻፍኩ» አለ መምህር ይበልጣል።